የሊኑክስ የድምፅ ገበያ፦ ሻጭ ገዢን፣ ገዢም ሻጭን ሲጠብቅ

ዕቃ ወደ ገበያ የሚወጣው ገዢ ሲኖር ነው። ገዢም ከቤቱ የሚነሳው ዕቃ መኖሩን ሲሰማ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን መምጣት እየጠበቁ ከተቀመጡ ግን ገበያው ሳይቆም ይመሻል። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ የሚሠሩ የድምፅ ፕለጊኖች ንግድ ከ20 ዓመታት በላይ የተጠናወተው በሽታ ይኸው ነው። ታላላቆቹ የሙዚቃ ሶፍትዌር አምራቾች «በሊኑክስ በኩል ገዢ የለም» ይላሉ። ሊኑክስን የሚወዱ የሙዚቃ ባለሙያዎች በበኩላቸው «የምንፈልገው ዕቃ ስላልቀረበ ነው ያልገባነው» ሲሉ ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ይዘሉታል።

ዋናው ነገር የገዢ ቁጥር ሳይሆን፣ ለአንድ ገዢ አንድ ዕቃ ለማድረስ የሚወጣው ወጪ ነው። ይህ ወጪ ለብዙ ዘመን ከሽያጩ ገቢ በልጦ ኖሯል። ከ2021 ወዲህ ግን ወጪውን ከሚያንሩት ምክንያቶች ብዙዎቹ አንድ በአንድ እየተቃለሉ መጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመሆኑም «ገበያው ይደግና እንገባለን» የሚለው አባባል ዛሬ ከጥንቃቄ ይልቅ ልማድ እየሆነ ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ፕለጊን የሚባለው ሙዚቃ በሚቀረጽበትና በሚቀናበርበት ዋና ሶፍትዌር ላይ የሚሰካ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። አንዱ የፒያኖ ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላው የዘፋኙን ድምፅ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ ያስመስለዋል፤ ሦስተኛው የጮኸውን ዝቅ፣ ያነሰውን ከፍ ያደርጋል። ቀደም ሲል አንድ ስቱዲዮ እነዚህን ሥራዎች ለማከናወን ግድግዳ የሚሞላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መግዛት ነበረበት። ዛሬ ሁሉም በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል።

ንግዱ መልክ የያዘው በ1996 ነው። በሐምቡርግ ከተማ የሚገኘው ስታይንበርግ የተባለ ድርጅት በዚያ ዓመት ኪውቤዝ በተሰኘው ሶፍትዌሩ ላይ ቪኤስቲ የተባለውን የመሰኪያ ደንብ ይዞ ወጣ። ደንቡን ለሌሎችም ክፍት በማድረጉ፣ ማንኛውም ፕሮግራም አዋቂ በዚያ መሰኪያ ልክ ዕቃ ሠርቶ መሸጥ ቻለ። በሁለትና በሦስት ሰው የሚተዳደሩ ትናንሽ ድርጅቶች በአውሮፓና በአሜሪካ የፈሉት ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃው መጋዘን አይፈልግም፤ ጉምሩክ አያቆመውም፤ ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ ምንም አያስወጣም። ይህ ሁሉ ግን ለዊንዶውስና ለማክ ኮምፒዩተሮች ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስ በዚያን ጊዜ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር።

አንድ ስም፣ ብዙ ገበያ

ለዊንዶውስ የሚሠራ ነጋዴ የሚደራደረው ከአንድ ባለቤት ጋር ነው። ለማክ የሚሠራውም እንዲሁ። ባለቤቱ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ አፕል በ2020 የኮምፒዩተሮቹን አንጎል ወደ ራሱ ሥሪት ሲለውጥ ሁሉም ፕለጊን ሠሪ ዕቃውን እንደገና ለማዘጋጀት ተገድዷል። ያም ሆኖ ትእዛዙ የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ሲፈጸምም ለሁሉም ደንበኛ ተፈጽሟል ማለት ነው።

ሊኑክስ ግን በአንድ ስም የሚጠሩ የብዙ ገበያዎች ስብስብ ነው። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ አርች እየተባሉ የሚጠሩት ስርጭቶች ልባቸው አንድ ሆኖ፣ በላዩ ላይ የሚያለብሱት ልብስ የተለያየ ነው። እያንዳንዱ የሚጠቀምባቸውን የጋራ ላይብረሪዎች በራሱ ጊዜ ያድሳል። በዚህም የተነሳ በአዲሱ ስርጭት ላይ የተዘጋጀ ፕለጊን፣ ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ ላይብረሪ አሮጌ በሆነበት ኮምፒዩተር ላይ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች መፍትሔው ተገላቢጦሹ መሆኑን ከተማሩ ቆይተዋል፤ ዕቃውን ሆነ ብለው በአሮጌ ስርጭት ላይ ያዘጋጁታል፣ በአዲሱም ላይ ይሠራል። ይህን ትምህርት ያላገኘ አዲስ ሠሪ ግን የሚማረው ከተቆጡ ደንበኞች ደብዳቤ ነው።

የመስኮቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፕለጊን ራሱን ችሎ የቆመ ፕሮግራም አይደለም፤ በሌላ ሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው። እንግዳው ቁልፎቹንና መደወያዎቹን ለመሣል ጂቲኬ የተባለውን መሣሪያ ሦስተኛ እትም ይዞ ቢመጣና ባለቤቱ ሁለተኛውን እትም የሚጠቀም ቢሆን፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አይችሉም፤ ፕሮግራሙ ከነሙዚቃው ይወድቃል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ ለሌላው የሊኑክስ ፕሮግራም ሁሉ የተመቹትን ዝግጁ የመስኮት መሣሪያዎች ትቶ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ከረጢት ይዞ ይጓዛል። ይህ ደግሞ ጊዜ ነው፤ ጊዜም ገንዘብ ነው።

ይህንንም ችሎ የሠራ ሰው መሠረቱ ሲነቃነቅ ያያል። ለብዙ ዘመን በሊኑክስ ላይ መስኮት የሚሣለው ኤክስ11 በተባለው ሥርዓት ነበር። በእርሱ ዘንድ የአንዱን ፕሮግራም መስኮት በሌላው ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነገር ነው። ተተኪው ዌይላንድ ግን ለዚህ ዓይነቱ ማዳበል የቀና መንገድ አላበጀም። ፌዶራ በ2016 ዌይላንድን ቀዳሚ ምርጫው አደረገ፤ በ2025 የወጣው ኡቡንቱ 25.10 ደግሞ የቀድሞውን የኤክስ11 መግቢያ ከነጭራሹ አስቀርቶታል። ነባር ፕለጊኖች ዛሬም የሚሠሩት ኤክስዌይላንድ በተባለ መሸጋገሪያ አማካይነት ነው። መሸጋገሪያ ግን መሸጋገሪያ ነው።

የሚሊ ሰከንዶች ሒሳብ

የድምፅ ሶፍትዌርን ከሌላው የሚለየው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ለግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ጸሐፊዋ ልብ አትለውም። ሙዚቃ ግን አይጠብቅም። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ ሲቀረጽ፣ ኮምፒዩተሩ ልኬቶቹን 128 በ128 እያሰረ ቢያስተናግድ፣ ለእያንዳንዱ እስር ያለው ጊዜ ከ2.7 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ውስጥ የተደረደሩት ፕለጊኖች በሙሉ ሥራቸውን ጨርሰው ማስረከብ አለባቸው። አንዱ ቢዘገይ በድምፁ ውስጥ ስንጥቅ ይሰማል። በቀጥታ ቀረጻ ላይ ከሆነ የዘፋኙ ድካም ውኃ በላው ማለት ነው።

ከዚህም የተነሳ ፕለጊን ሠሪ ድምፁ በሚታለፍበት መስመር ላይ ፋይል መክፈት፣ አዲስ የማስታወሻ ቦታ መጠየቅ፣ ሌላውን ክፍል ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ይህ ደንብ ለሁሉም ሥርዓት አንድ ነው። በሊኑክስ ላይ የሚጨምረው ችግር፣ ብዙዎቹ ስርጭቶች ለተራ ተጠቃሚ የቅድሚያ መብት በራሳቸው የማይሰጡ መሆናቸው ነው። ተጠቃሚው ራሱን በትክክለኛው ቡድን ውስጥ አስገብቶ መብቱን ማስከበር ይጠበቅበታል። ይህን ያላደረገ ሰው ስንጥቅ ሲሰማ የሚወቅሰው የኮምፒዩተሩን አደረጃጀት ሳይሆን 50 ዶላር የከፈለበትን ፕለጊን ነው። ጥፋቱ የሌላ፣ ደብዳቤው ለሻጩ።

የድምፁ መንገድም ለብዙ ጊዜ አንድ አልነበረም። ከድምፅ ካርዱ ጋር የሚነጋገረው አልሳ አለ፤ በላዩ ላይ ለተራው ተጠቃሚ ፐልስኦዲዮ፣ ለሙዚቃ ባለሙያው ደግሞ ፖል ዴቪስ ያበጀው ጃክ ነበሩ። ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ ሲጋጩ ተጠቃሚው ሽማግሌ ሆኖ እንዲያስታርቃቸው ይገደድ ነበር።

ስንት ዓይነት ቁና?

በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቁና የሚሠራበት የእህል ገበያ ቢኖር፣ ከገጠር የሚመጣው ነጋዴ ቢያንስ ሁለቴ ይከስራል፤ አንዴ ሲሰፍር፣ አንዴ ሲከራከር። የሊኑክስ የፕለጊን ገበያ በመሰኪያ ደንብ ረገድ የሚመስለው ይህንኑ ነው።

የሊኑክስ ሰዎች በ2000 ላድስፓ የተባለ ቀላል ደንብ አወጡ። ቀላልነቱ መልካም ቢሆንም፣ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን መንገድ አልነበረውም፤ ለመስኮትም ቦታ አልተወም። ቀጥሎ የመጣው ኤልቪ2 ሰፊና ሊራዘም የሚችል ነው፤ ነገር ግን ስፋቱ ራሱ ሸክም ሆነ፣ ከሊኑክስ ውጭ ያሉት ትልልቅ የቅንብር ሶፍትዌሮችም ችላ አሉት። ለንግድ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያለው በዓለም ሁሉ በሚሸጠው በቪኤስቲ ላይ ነው።

ቪኤስቲ ግን ባለቤት ያለው ቁና ነው። ስታይንበርግ ከ2005 ጀምሮ የያማሃ ንብረት ነው። ድርጅቱ ሁለተኛውን የቪኤስቲ እትም ዘግቶ፣ ከጥቅምት 2018 በኋላ ለአዲስ ገቢ ፈቃድ መስጠት አቆመ። በዚያ እትም ላይ ብዙ ሺህ ዕቃዎች ይሠሩ ነበር፤ ፈቃድ የነበራቸው ቀጠሉ፣ ዘግይተው የመጡት ከበር ተመለሱ። ሦስተኛው እትም በ2017 ለነፃ ሶፍትዌር በሚስማማ ፈቃድ ጭምር ቢለቀቅም፣ ኮዱን መግለጥ የማይፈልግ ነጋዴ ከድርጅቱ ጋር የተለየ ውል መፈረም ነበረበት። የአንድ ዓለም አቀፍ ንግድ መለኪያ በአንድ ድርጅት ብዕር ሥር ሲውል አደጋው ምን እንደሆነ ከ2018 የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የመለኪያን ነገር የኢትዮጵያ ነጋዴ በተግባር ያውቀዋል። በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ሕንፃውና ደወሉ አልነበረም፤ ገዢው ከረጢቱን ሳይፈታ በደረጃ መግዛት መቻሉ ነው። ደረጃ በሌለበት ገበያ እያንዳንዱ ሽያጭ አዲስ ክርክር ነው። የሊኑክስ ፕለጊን ሻጭም ለእያንዳንዱ ገዢ ከረጢቱን እንደ አዲስ ይፈታል።

ደላላውና ቁልፍ ሠሪው

በዚህ መሀል ደላላ ሊኖር ግድ ነው። ሠሪው አንድ ጊዜ ጽፎ ለብዙ ደንብና ለብዙ ሥርዓት እንዲያደርስ የሚረዱ መሣሪያዎች አሉ፤ ከእነዚህም በስፋት የሚታወቀው ጁስ ነው። ጁስ ሊኑክስን ይደግፋል፤ በ2022 በወጣው ሰባተኛ እትሙ ለኤልቪ2ም መንገድ ከፍቷል። ትንሹ ነጋዴ ዛሬ ወደ ሊኑክስ ሊገባ የሚችለው በአብዛኛው በእነዚህ ደላሎች ትከሻ ላይ ሆኖ ነው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። ጁስን ከ2020 ጀምሮ የያዘው ፔስ የተባለው ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት አይሎክ የተባለውን፣ ብዙ ታላላቅ አምራቾች ዕቃቸው እንዳይሰረቅ የሚቆልፉበትን ቁልፍ ይሠራል። ቁልፉ የተዘጋጀው ለዊንዶውስና ለማክ እንጂ በሊኑክስ ለሚሠራ የስቱዲዮ ኮምፒዩተር አይደለም። እንግዲህ ዕቃው በደላላው በኩል ወደ ሊኑክስ ቢያልፍ እንኳ ቁልፉ ደጅ ላይ ያስቀረዋል። አንድ ታላቅ ድርጅት ሊኑክስን «አንችልም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አልቻልንም ማለቱ አይደለም፤ ቁልፉን አልቻልንም ማለቱ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የቀረበ ስሌት እንጂ የማንም ድርጅት መዝገብ አይደለም። አንድ ሠሪ ባለ 50 ዶላር ፕለጊን በዓመት 1,000 ቅጂ ይሸጣል እንበል። ከገዢዎቹ 3 በመቶው የሊኑክስ ሰዎች ቢሆኑ 30 ቅጂ፣ ማለትም 1,500 ዶላር ያስገባሉ። የሠሪው አንድ ሰዓት 40 ዶላር ቢገመት፣ ይህ ገንዘብ የ37 ሰዓት ተኩል ደመወዝ ነው። የማዘጋጃውን ሥርዓት መጀመሪያ ለመዘርጋት 200 ሰዓት ቢወስድ 8,000 ዶላር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዕቃ በዓመት 10 ሰዓት፣ ማለትም 400 ዶላር የድጋፍ ሥራ ቢታከልበት ወጪው 8,400 ደረሰ። ኪሳራው 6,900 ዶላር ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ያለው ሠሪ ሊኑክስን ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያው ሠሪ 10 ፕለጊኖች ቢኖሩትስ? ገቢው 15,000 ዶላር ይሆናል። የዝርጋታው 8,000 ዶላር የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው። የ10ሩ ዕቃዎች ድጋፍ 4,000 ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት 3,000፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ዝርጋታው ስለሌለ 11,000 ዶላር ይተርፋል። በሌላ አነጋገር የሊኑክስ ንግድ የሚያዋጣው ብዙ ዕቃ ላለው ሰው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይነሳል። በስሌቱ መሠረት ወደ ሊኑክስ መጀመሪያ መግባት የነበረባቸው ታላላቆቹ ነበሩ። በተግባር የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው። በሊኑክስ ላይ ለሽያጭ የቀረቡት የበርሊኑ ዩ-ሄ፣ የፈረንሳዩ የፒያኖቴክ አምራች ሞዳርትና የመሳሰሉት ናቸው፤ መጠናቸው መካከለኛና ትንሽ ነው። ዩ-ሄ እንኳ የሊኑክስ ዕቃውን ለረጅም ዓመታት ያቀረበው «የሙከራ» የሚል ምልክት ለጥፎ ነው። ይህም ምልክት «ዕቃውን ውሰዱ፣ ሙሉ ድጋፍ ግን አትጠብቁ» ማለት በመሆኑ፣ የድጋፍን ወጪ በግልጽ ውል የመቀነስ ብልሃት ሊባል ይችላል።

የእንቆቅልሹ መልስ የአሮጌ ዕቃ ሸክም ነው። የታላቁ ድርጅት 10 ዕቃዎች በ10 የተለያዩ ዘመናት፣ በተለያዩ ቡድኖች የተሠሩ ናቸው። አንዱ ለዊንዶውስ ብቻ በሚሆን መንገድ ተጽፏል፤ ሌላው ከቁልፉ ጋር ተጋብቷል፤ ሦስተኛው ባለቤቱ ከኩባንያው ከወጣ ቆይቷል። ስለዚህ ለእርሱ ዝርጋታው አንድ ጊዜ ሳይሆን 10 ጊዜ ነው። ትንሹ ሠሪ ግን ዕቃዎቹን ሁሉ በአንድ መሠረት ላይ ያቆማል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው በመሆኑ ያጠፋውን ሰዓት በወጪ አይመዘግበውም። ንግዱን እስከዛሬ ያቆየው ይህ ያልተመዘገበ ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማይመዘገብ ሰዓት ግን አንድ ቀን ያልቃል፤ ሠሪው ሲታክተው ዕቃው አብሮት ይሞታል።

የድልድዩ መዘዝ

«ለዊንዶውስ የተሠራውን በሊኑክስ ላይ ማስኬድ ይቻል የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ይቻላል። ዋይን የተባለው ሶፍትዌርና በእርሱ ላይ የቆመው ያብሪጅ የዊንዶውስ ፕለጊኖችን በሊኑክስ የቅንብር ሶፍትዌር ውስጥ ይሰካሉ፤ ብዙዎቹም ደህና ይሠራሉ። ለተጠቃሚው እፎይታ መሆኑ አይካድም።

ለገበያው ግን ድልድዩ ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛ፣ በድልድይ የሚሻገረው ገዢ በሻጩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የዊንዶውስ ደንበኛ ሆኖ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ ሳለ ቁጥሩ ለሌላው ወገን ይቆጠራል፤ «የሊኑክስ ገዢ የለም» የሚለውንም ክስ ሳያውቅ ያጠናክራል። ሁለተኛ፣ ዕቃው በድልድዩ ላይ ቢወድቅ ማንም ኃላፊነት የለበትም። ስቱዲዮውን በሰዓት የሚያከራይ ሰው ኃላፊ በሌለው ዕቃ ላይ እንጀራውን መጣል አይችልም።

ምን ተለወጠ?

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም፣ ያለፉት ዓመታት ግን ሌላ ታሪክ ይዘው መጥተዋል።

በ2021 ፌዶራ 34 ፓይፕዋየር የተባለውን አዲስ የድምፅ መንገድ ቀዳሚ አድርጎ አወጣ። ይህ ሶፍትዌር የፐልስኦዲዮንና የጃክን ሥራ በአንድነት ስለሚሠራ የቀድሞው ጠብ በአብዛኛው ቀዝቅዟል። በ2022 ዩ-ሄና ቢትዊግ የተባሉት ሁለት የበርሊን ድርጅቶች ክላፕ የተባለ አዲስ የመሰኪያ ደንብ ይፋ አደረጉ፤ ፈቃዱ ማንም ያለ ውል የሚጠቀምበት ነው። በ2024 የወጣው ሊኑክስ 6.12 ደግሞ ለ20 ዓመት ገደማ ከዋናው ሥርዓት ውጭ እየተለጠፈ የኖረውን የፈጣን ምላሽ ሥራ ወደ ውስጥ አስገባው። በ2025 ስታይንበርግ ራሱ የሦስተኛውን ቪኤስቲ ፈቃድ ለውጦ፣ ያለ ፊርማና ያለ ግዴታ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። የቁናው ባለቤት ቁናውን ለገበያው ለቀቀ ማለት ነው። በዚህ ውስጥ የክላፕ መምጣት ድርሻ አለው ብሎ መገመት ስህተት አይሆንም፤ ተፎካካሪ ሲመጣ ያልለዘበ ባለቤት በየትም ገበያ አይታይም።

የቅንብር ሶፍትዌሩም ቁጥር ጨምሯል። ቢትዊግ ከ2014 የመጀመሪያ እትሙ ጀምሮ ሊኑክስን ይዞ ወጥቷል። ሪፐርም ለሊኑክስ ይቀርባል። አርዶር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ፣ ተዘጋጅቶ የተጠናቀቀውን እትም ግን ገዢው በሚችለው ዋጋ ይሸጣል። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ «የሊኑክስ ሰው ገንዘብ አይከፍልም» የሚለውን አሮጌ ሐሜት ያስተባብላል። ስታትካውንተር የተባለው ተቋም በኢንተርኔት ጉብኝት በሚያደርገው ቆጠራ የሊኑክስ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ድርሻ በየካቲት 2024 ከ4 በመቶ ማለፉን አሳይቷል። ቆጠራው የሙዚቃ ገዢዎችን ለይቶ አያሳይም፤ ሆኖም አቅጣጫውን ይጠቁማል። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ማቆሙም ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር ያልቻሉ ደህና ኮምፒዩተሮችን ባለቤቶች ሌላ በር እንዲያዩ የሚያደርግ ነው።

ችግሩ ከሊኑክስ ባሕርይ የመጣ አለመሆኑን የሚያስረዳ ሌላ ምስክርም አለ። የጃፓኑ ኮርግ በ2005 ያወጣው ኦኤሲስ፣ በ2011ም ያወጣው ክሮኖስ የተባሉት ውድ ኪቦርዶች በውስጣቸው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። መድረክ ላይ የወጣው ተጫዋች ሊኑክስ እየነካ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ኮርግ የተሳካለት አንድ ሥርዓት፣ አንድ ላይብረሪ፣ አንድ መስኮት መርጦ ስለቆለፈ ነው። እንግዲያው ችግሩ ብዛቱ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ የሻጩ ነው። «ለሊኑክስ» ብሎ ዕቃ ማቅረብ «ለአፍሪካ» ብሎ ጫማ እንደማቅረብ ነው፤ ልኩ አይታወቅም። ሻጩ የሚደግፈውን አንድ ወይም ሁለት ስርጭት በስም፣ የሚያቀርበውንም ደንብ በግልጽ ይናገር፤ ከዚያ ውጭ ያለው ገዢ በራሱ ኃላፊነት ይግዛ። ዕቃውን በአሮጌው ስርጭት ላይ ያዘጋጅ፤ የሚያስፈልገውን በራሱ ከረጢት ይያዝ። ድጋፉን ጠበብ አድርጎ መጀመር ድጋፉን ከመከልከል ይሻላል። ከሁሉ በላይ አዲስ ዕቃ ሲጀምር ሊኑክስን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስገባ፤ ቤት ከተሠራ በኋላ መሠረት መቆፈር የሚያስከትለውን ወጪ ከላይ ያለው ስሌት አሳይቷል።

ሁለተኛው የገዢው ነው። በድልድይ የሚሻገር ገዢ ለሻጩ ማን እንደሆነ ይንገር። ለሊኑክስ የቀረበ ዕቃ ሲያገኝ ይግዛ። ስንጥቅ ሲሰማ ከመጻፉ በፊት የራሱን ኮምፒዩተር አደረጃጀት ይመርምር። «ነፃ» የሚለው ቃል ነፃነትን እንጂ ዋጋ ቢስነትን እንደማያመለክት ከሊኑክስ ወዳጆች የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቁትን በኪሳቸው ያሳዩ።

ሦስተኛው የስርጭት አዘጋጆች ነው። የቅድሚያውን መብት ለድምፅ ሥራ ከፋብሪካ ጀምሮ ቢሰጡ፣ በዌይላንድም ላይ እንግዳው መስኮት የሚያድርበትን ክፍል ተስማምተው ቢያበጁ፣ ለሺህ ሻጮች የሚደርሰው ደብዳቤ ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የሊኑክስ ሰዎች ሥርዓቱን የሠሩት በመተባበር ነው፤ መስኮትን በማስማማት ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚለያዩ ለነጋዴ አይገባውም።

ለአዲስ አበባ ምን አለው?

ጉዳዩ ከሐምቡርግና ከበርሊን ነጋዴዎች አልፎ ወደዚህ የሚደርስበት መንገድ አለ። ፕለጊን የሚሸጠው በውጭ ምንዛሪ ነው። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 መጨረሻ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመፍቀዷ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያኔ በ2,850 ብር ሒሳብ ይገዛ የነበረ ባለ 50 ዶላር ፕለጊን ዛሬ ከ5,000 ብር በላይ ይጠይቃል። 20 ፕለጊን የሚያስፈልገው ስቱዲዮ ከ100,000 ብር በላይ ማለት ነው፤ የዶላር ካርድ ማግኘቱ ሳይታሰብ። በዚህ ሒሳብ ሕጋዊ የሆነና ዋጋው የተመጣጠነ ሌላ አማራጭ መኖሩ ለባለስቱዲዮው ተራ ጉዳይ አይደለም።

ሌላው ደግሞ የሠሪው ወገን ነው። የቪኤስቲና የክላፕ ደንቦች ክፍት መሆናቸው ለአዲስ አበባ ወጣት ፕሮግራም አዋቂም በርሊን ላለው እኩል በር ይከፍታሉ። የክራርንና የበገናን ድምፅ፣ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት በሥርዓቱ የሚያውቅ ሠሪ ለዓለም ሊያቀርበው የሚችለው ዕቃ ሌላው ዘንድ የለም። መጋዘን የማይፈልግ፣ መርከብ የማይጠብቅ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚሸጥ ዕቃ ለሚፈልግ ባለሀብት ይህ ሊታይ የሚገባው ሥራ ነው።

በአጠቃላይ፣ የሊኑክስን የድምፅ ገበያ ሜዳ አድርጎ ያቆየው የገዢ እጥረት ብቻ አልነበረም። የቁናው ብዛት፣ የቁናው ባለቤት ፈቃድና የማይመዘገበው ሰዓት ነበሩ። ቁናው ዛሬ ተፈትቷል። የፈቃዱም ጉዳይ በ2025 እልባት አግኝቷል። የቀረው ሰዓቱን በሐቅ መመዝገብና ዋጋውን በሐቅ መክፈል ነው። ይህንን ሻጭም ገዢም እኩል ካላደረጉት ግን፣ ሕጉ ቢከፈት፣ መንገዱ ቢጠረግ፣ ይህ ገበያ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቀጥላል።